ላንጋኖ በቀብድ የቀሩት ሁለት ጋቢዎች

ውድ ባለቤቴ ወልዴ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። ያለህበትን ነገር እኔ አላውቀውም፤ ቢነግሩኝም አይገባኝም። እኔ ብርቅነሽ፣ ያቺ ነዝናዛ ሚስትህ ግን ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነበር፤ አንተ ደግሞ በቁምህ እያለህ እንኳ ይቅርታ ስጠይቅህ ስለምትስቅብኝ እፈራ ነበር። አሁን ያ ነገር ከላዬ ወርዷል። እንዴት እንደወረደ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ያ ቤታችን የለም። ሰፈሩ በሙሉ ለልማት ይነሳል ተባለ፤ በየበሩ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ከዚያ ዶዘሩ መጣ። ለሮማን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ስለነበር አሁን ከእሷና ከባሏ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል። ልጃችን ደህና ናት፤ ሁለተኛዋን ወልዳለች፤ ሕፃኗ አፍንጫዋ የአንተ ነው፣ ምን እናደርጋለን። ሱቁም አለ። መርካቶ ሸማ ተራ አካባቢው ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ የእኛና የሀጂ ሸምሱ መደብር ግን እስካሁን ጎን ለጎን ነው፤ እኔ በአንተ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። በአውቶቡስ ተራ በኩል ባቡር መሄድ ጀምሯል። መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም ብታይ አንተ ለሳምንት የምትስቅበት ነገር አገኘህ ማለት ነበር።

አሁን ወደ ሆቴሉ ልምጣ። አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሮማን ታነበዋለች፣ ልጆቿም ሲያድጉ ያነቡት ይሆናል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጻፈው።

አንድ ቀን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለ ትልቅ ሆቴል የመጡ ሰዎች ሸማ ተራን ሲዞሩ ውለው እኛ ጋ ቆሙ። እንግዶቻቸው ሲተኙ አልጋው ግርጌ ታጥፎ የሚቀመጥ ጋቢ ነበር የሚፈልጉት። ብዙ ገዙ። አንተ ራስህ አስጭነህ ሄደህ አስረከብክ፤ አድረህ ተመለስክ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረህም። ብርቄ፣ አሸዋው እንደ ባዘቶ ነው፣ እግርሽን ይውጠዋል ትለኛለህ። ብርቄ፣ ወንበሩን ወደ ውሃው አዙረው ነው የሚደረድሩት፤ ሰው ይቀመጥና ምንም ሳይሠራ ውሃ ያያል፤ ለዚያ ይከፍላል ትለኛለህ። እኔ ሰው ለሥራ ፈትነት ይከፍላል ሲባል ያኔ ገና መስማቴ ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ምሳ በልተን እጃችንን ስንታጠብ፣ አንቺና እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሁለት ቀን ብንቀመጥ ምን አለበት አልከኝ።

ዋጋውን ጠየቅኩህ። የሁለት ሌሊቱ ከሱቃችን የወር ኪራይ ይበልጥ ነበር። ታዲያ የሸጥነውን ጋቢ መልሰን ተከራይተን ልንተኛበት ነው? አልኩህ። ይህችን አባባሌን በጣም ወደድኳት። ለጎረቤት ነገርኩ፣ ለዕድር ሴቶች ነገርኩ፣ ለሀጂ ሸምሱ ነገርኩ፤ ሁሉም ሳቀ። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር፤ ግን በሳምንቱ ደግሞ ታነሳዋለህ። ስከራከርህ የሱቁን ሕግህን ታመጣብኛለህ። ዕቃውን ሳይዳብስ ከበር ሆኖ ውድ ነው የሚል ደንበኛ ሲመጣ መልስ አትሰጠውም ነበር፤ ጀርባህን ሰጥተህ ጋቢ ታጥፋለህ። እኔንም እንደዚያ ደንበኛ አደረግከኝ፤ ሳትዳብሺው ውድ ነው አትበዪ እያልክ። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት አለፈ።

ከዚያ ያ የጋቢዎቹ ነገር መጣ። ሁለት ክረምት ሙሉ የፈተልኳቸው፣ ድራቸውም ማጋቸውም የእጄ የሆነ፣ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔያችን የሠራቸው፣ ዘርፋቸውን ሦስት ሦስት አድርጌ የቋጨኋቸው ሁለት ጋቢዎች። ገበያ ላይ ያለው ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ እኛም የምንሸጠው እሱኑ ነው። እነዚያን ግን አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለእኔ፣ ለእርጅናችን ብዬ ከአልጋችን ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጬአቸው ነበር። አንድ ቀን ሳጥኑን ስከፍት ባዶ ነው። ምን አደረግካቸው ብልህ፣ ዓይንህን ሳታሽ ለሆቴሉ ቀብድ ሰጠኋቸው አልከኝ።

ገንዘብ ብትሰጥ እንደዚያ አልናደድም ነበር። ማንም መንገደኛ እግሩን ሊጠቀልልበት ነው ሁለት ክረምት የፈተልኩት? ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ነገ ሄደህ መልሰህ ካላመጣህ እኔና አንተ አበቃልን አልኩህ። ሸማ ተራ ላይ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀራል፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን ሰው እኔው ራሴ ቀብድህ ቀርቷል ብዬ አሰናብቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ንዴት አሳወረኝና ወልዴ በምላሱ ያስመልሰዋል አልኩ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድክ፤ በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘህ ገባህ። ሳጥኑ ላይ አስቀመጥከው። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ፤ ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀሰ ብዬ ክው አልኩ። ያኔ መጥቼ ትከሻህን ብነካህ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር በዚያች ደቂቃ ባለቀ። ግን ኩራቴ አላስኬደኝም። ጥቅሉን ሳልፈታ ሳጥኑ ውስጥ ወርውሬ ቆለፍኩት። ጋቢ እጄ ገብቶ ሳልዳብሰው ያስቀመጥኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ። መጀመሪያ በነጋታው፣ ጋቢዎቹን አየሻቸው? አልከኝ። ተወኝ ወልዴ፣ እነሱን ሳይ ነው የምናደደው አልኩህ። በሳምንቱ ደግሞ፣ አውጥተሽ ፀሐይ አስነኪያቸው እንጂ አልከኝ። የጋቢ አያያዝ አንተ አታስተምረኝም አልኩህ። ሦስተኛው ጊዜ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ነበር፤ ጋቢዎቹን ዛሬም አላየሻቸውም? አልከኝና ከንፈርህን ነከስክ። እኔ ቂም ይዘህ የምትወጋኝ መሰለኝ። መልስ አልሰጠሁህም።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው የሄድክብኝ። ምሳ በልተህ የጋቢ ክምር ላይ ተደግፈህ ነበር። ሀጂ ሸምሱ ደንበኛ መጥቶልሃል ብሎ ሊቀሰቅስህ ትከሻህን ሲነካህ ነው ያወቀው። ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም፤ ያንን ለእሱ አልረሳለትም።

ወልዴ፣ አራቱን ዓመት እንዴት እንደቆየሁ ልንገርህ። ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ አሟሟቱ ጥሩ ነው፣ ሳይሰቃይ ሄደ እያለ ነው። እኔ ግን የማየው ግድግዳው ጋ የሚንቀጠቀጠውን ትከሻህን ነበር። ሰውዬው በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ነገር ለመነኝ፤ እኔ አሳፍሬ፣ የሰጠውን ቀብድ መልሶ እንዲለምን ልኬ፣ አንጀቱን ቆርጬ ሰደድኩት እል ነበር። ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። ይህ ኃጢአት አይደለም አሉኝ፤ አልቀለለኝም። ቴሌቪዥን ላይ ውሃ ዳር የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቁጥር ተነስቼ ወጥ ቤት እገባ ነበር። ሳጥኑንም አልከፈትኩትም።

የከፈትኩት ቤቱ ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ ነው። ሮማን ሳጥኑ ከበደ፣ ዕቃውን ለብቻ እናውጣ አለችኝ። ጋዜጣውን ፈታሁት፤ የአንዱን ጋቢ ጫፍ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል ያዝኩት። ገና ከመያዜ ጣቴ አወቀው። የእኔ ፈትል አይደለም። ሁለተኛውን ያዝኩ፤ እሱም አይደለም። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ዘርፉ እንዲያው የተለቀቀ፣ ከማንኛውም መደርደሪያ የሚወርድ ጋቢ። ዕቃው መሐል ቁጭ አልኩ። ሮማን አመመሽ ወይ ትለኛለች፤ እኔ ይሄ ሌባ! ይሄ ሌባ! እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሳለቅስልህ ኖሬ በዚያች ደቂቃ ብትኖር ኖሮ በነጠላ ጫማ እመታህ ነበር።

ከራሳችን መደርደሪያ እንዳልወሰድክ ወዲያው ገብቶኛል፤ የእኛን አንድ በአንድ ስለማውቃቸው አትደፍርም። ቀጥ ብዬ ሀጂ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። ጋቢዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጣልኳቸው። ሀጂ አያቸውና መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወላሂ ብርቄ፣ ከእኔ ነው የገዛው አለኝ። ጋቢ ነጋዴ ከእኔ ጋቢ ሲገዛ ገርሞኝ ወልዴን ብጠይቀው፣ ለብርቄ አትንገራት፣ ነገ ሳይመሽ ራሷ ትደርስበታለች ብሎኝ ነበር። ከዚያ እሱ ሞተ፤ ከቀብር በኋላ ይህን በምን አፌ ላንሳው? አንቺም የደረስሽበት መስሎኝ ነበር አለኝ። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የሀጂን ሁለት ጋቢ በፌስታል ይዤ ወደ ላንጋኖ ተሳፈርኩ። ሮማን አብሬሽ ልሂድ ብላ ብትለምነኝ እምቢ አልኳት። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ ሳልፍ መንገዱን አላየሁትም፤ ለሆቴሉ ሰዎች የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። በር ላይ ጥበቃው እናቴ ማንን ፈልገው ነው? አለኝ። ጋቢዬን አልኩት። ግራ ገብቶት የክፍሎቹን ኃላፊ ጠራልኝ። አስቴር የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ወፍራም ሴትዮ ናት። የአንተን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ፣ ከመርካቶ ነው የመጡት? አለችኝ። አዎ አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ምነው እትዬ፣ በሦስት ቀን ትመጣለች የተባለችው ሴትዮ እርስዎ ነዎት? አራት ዓመት ቆዩብን እኮ! አለችኝ።

አንሶላ ከሚቀመጥበት ክፍል ገብታ አንድ ጥቅል ይዛ ወጣች። ጋቢዎቼ ነበሩ። ሳልነካቸው አወቅኳቸው፤ ዘርፉ ሦስት ሦስት ነው። ማንም እንግዳ እግሩን አልጠቀለለባቸውም። በላያቸው ላይ በስፒል የተያዘ ወረቀት አለ፤ ያ አሥር ዶሮ የጫረው የሚመስል የእጅ ጽሑፍህ። የጻፍከውም እንዲህ ይላል፤ ባለቤቴ ብርቅነሽ ተናዳ ትመጣለች። መጀመሪያ ሻይ ስጧት። ሁለት ሌሊት ሳታድር ጋቢዎቹን እንዳትሰጧት። ለእኔ ደውሉልኝ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እደርሳለሁ። ከሥሩ ስልክ ቁጥርህ አለ።

አስቴር ምስኪን ምን ታውቃለች፣ ስልኩን አንስታ ልደውልላቸው? አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት ወልዴ። ሳለቅስ ግን ሌላውን ሁሉ ለቅሶዬን አልመሰለም። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በራልኝ። ቀብዱ እንደማይመለስ አንተም ታውቅ ነበር፤ እንዲመለስም አልጠየቅክም። ብርቄ ጋቢ ሳትዳብስ አታስቀምጥም፣ ዛሬውኑ ታውቅብኛለች፣ ተናዳ ላንጋኖ ድረስ ትሮጣለች፣ እዚያ ስትደርስ እይዛታለሁ ብለህ ነው። ግድግዳው ጋ ስትንቀጠቀጥ እያለቀስክ አልነበረም፤ ሳቅህን መያዝ አቅቶህ ነው። ጋቢዎቹን አየሻቸው? ብለህ ከንፈርህን የነከስከውም ለዚያ ነው። የተቀየምክ ሰው አልነበርክም። አራት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ያልነበረ ነገር ነው። አንተ አንጀትህ ተቆርጦ አልሄድክም፤ ተንኮልህ እስኪያዝልህ ስትጠብቅ ነው የሄድከው፤ ደስ ብሎህ ነው። ለአስቴር ማረፍህን ስነግራት እሷም አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ሻይ አመጣችልኝ፤ የተጻፈው ይፈጸም ብላ።

አሁን የሆቴሉን ነገር በደንብ ልንገርህ፤ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብለን አንድ ዓመት ተከራክረናልና መልሱ ይገባሃል።

ዋጋው ከአንተ ጊዜ ጨምሯል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ወጣት የመጨረሻው ስንት ነው? አልኩት። እናቴ የመጨረሻውም የመጀመሪያውም እሱ ነው አለኝ። ባል የሞተባትን ሴት እንዲህ ትላለህ ወይ አልኩት፤ አዘነ፣ ግን አልቀነሰም። ታዲያ ልማዴን ታውቀዋለህ፤ ፌስታሌን አንስቼ በሉ ደህና ሁኑ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ቀስ እያልኩ፣ ነይ እናት ብለው እስኪጠሩኝ። ማንም አልጠራኝም! አትክልቱን እያየሁ አረፍኩ፣ ጫማዬን አስተካከልኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ። መጨረሻ ላይ ጥበቃው በሩን ከፈተልኝ። ሠላሳ ዓመት በነገድኩበት ዘመን እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም፤ በራሴ እግር ተመልሼ ከፈልኩ። ምርቃትስ የለውም ወይ ብዬ ስጠይቅ አስቴር ሆዷን ይዛ እየሳቀች ፊቱ ወደ ውሃ የሆነውን ክፍል አሰጠችኝ።

አልጋው ሰፊ ነው፤ እኔና አንተ ሮማንን መሐል አስገብተን የምንተኛበትን ያህል። አንሶላውን ዳበስኩት። ጥጥ ነው ይላሉ፤ ፖሊስተር ገብቶበታል፤ ለአስቴር ነግሬአታለሁ። ፎጣው ለአንድ ሰው አራት ነው፤ በሌሎቹ ምን እንደሚደረግ እስካሁን አላወቅኩም። ጠዋት አልጋዬን አንጥፌ፣ መታጠቢያውን ወልውዬ ስወጣ የምታጸዳዋ ልጅ እማማ ሥራዬን ወሰዱብኝ ብላ ልትቆጣኝ ምንም አልቀራት። ቁርስ ላይ ደግሞ የሚቆጠርብኝ መስሎኝ አንድ እንቁላልና ሻይ ብቻ ወስጄ ወጣሁ። ከዋጋው ጋር የተካተተ መሆኑን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በማግሥቱ ግን የትናንቱን ጨምሬ በላሁ።

ውሃው ዳር የተቀመጥኩት የመጀመሪያው ቀን በጣም ተሰቃየሁ። እጄን የማደርግበት አጣሁ። እንዝርት ባመጣ ኖሮ እያልኩ የነጠላዬን ዘርፍ ስቋጭና ስፈታ ዋልኩ። ሐይቁ ወተት ጠብ ያለበት ሻይ ነው የሚመስለው፤ ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ክፍያ? አልኩ። በልቤ አሸንፌህ ነበር። ሁለተኛው ቀን ግን አስቴር ለዕለቱ ብቻ የሰጠችኝን የእኔን ፈትል ጋቢዎች ይዤ ወጣሁ። አንዱን ለበስኩ፤ ሌላውን ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ አኖርኩት። ጫማዬን አውልቄ እግሬን አሸዋው ውስጥ ከተትኩት። እውነትህን ነው፤ ባዘቶ ነው። አስተናጋጁ መጥቶ ወንበሩን ለሌላ እንግዳ ልውሰደው? አለኝ፤ ሰው አለበት አልኩት። መቼ እንደሆነ አላውቅም እጄ ተቀመጠ። ለካ ጉልበቴም፣ ትከሻዬም፣ ከአንተ ሞት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አርፈው አያውቁም ነበር። ፀሐይዋ ወደ ውሃው እስክትዘቀዝቅ ምንም ሳልሠራ ተቀመጥኩ። ስለ ሱቁ አላሰብኩም። አንተን ብቻ አሰብኩ፤ እያሰብኩህም አልከፋኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። አልጋው ያን ያህል አያወጣም። ፎጣው ትርፍ ነው። ቁርሱ ሁለተኛ ቀን ላይ ዋጋውን ያወጣል። የሁለት ቀኑ መቀመጥ ግን፣ ከዳበስኩት በኋላ ነው የምነግርህ፣ ለሁለት ሰው ቢሆን ርካሽ ነበር። ለአንድ ሰው ውድ ነው። አንተ ትክክል ነበርክ፣ እኔም ትንሽ ትክክል ነበርኩ፤ በዚህ እንታረቅ።

ያኔ ጥቅሉን ፈትቼ ባየኋቸው ኖሮ አብረን እንቀመጥ ነበር የሚለው ነገር አልፎ አልፎ ደረቴን ይወጋኛል፤ አልዋሽህም። ግን የበደልኩት ሰው ትዝታ አንድ ነገር ነው፤ ሲያሾፍብኝ የሄደ ሰው ትዝታ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ይዤ መኖር እችላለሁ። ከላንጋኖ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ወንበር ቀየረ። ለሀጂ ሸምሱ ሁሉንም ነገርኩት፤ የዚያን ቀን ሁለታችንም ጋቢ አልሸጥንም፤ ስናወራህ ዋልን። ሮማንም እናቴ ተመለሰች እያለች ለባሏ ስትነግረው ሰምቻለሁ።

የእኔን ፈትል ጋቢዎች ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሳልይዛቸው ተመለስኩ። ለሚመጣው ዓመት፣ አንተ ላረፍክበት ወር፣ ያንኑ ክፍል ለሁለት ሌሊት ያዝኩና እነሱኑ ቀብድ ሰጠሁ። አስቴር ቀብዱ አይመለስም እኮ እትዬ አለችኝ፤ አውቃለሁ አልኳት። በወረቀትህ ላይ፣ ከጽሑፍህ ሥር፣ ብርቅነሽ በየዓመቱ ትመጣለች ብዬ ጻፍኩበት። ጉልበቴ እስከቻለ እሄዳለሁ፤ እኔ ሳልችል ሮማን ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች፤ ቃል አስገብቻታለሁ። አሁን ይህን ስጽፍልህ የለበስኩት ከሀጂ ሸምሱ የገዛኸውን ጋቢ ነው። ድሩ ይኮሰኩሳል፤ ግን አጥፈህ በጋዜጣ የጠቀለልከው አንተ ነህ።

ሦስት ጊዜ ጠይቀኸኝ መልስ ነፍጌህ ነበር። አየኋቸው ወልዴ። ሁለቱንም አየኋቸው።

ሚስትህ ብርቅነሽ